ውኃውን መረመርን፤ ዕቃውንስ?

ለመመረቂያ ጽሑፌ ቅድመ ጥናት ሳደርግ በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት የውኃ ናሙና ለመውሰድ ገብቼ ነበር። ከበሩ ኋላ ስድስት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ሰፈሩ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ በመሆኑ ቧንቧው በመጣበት ሌሊት ሁሉም ይሞላሉ፤ እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ቤተሰቡ የሚጠጣውም የሚያበስለውም ከእነዚሁ ነው። እንደ ደንቡ ክሎሪን ማርከሻ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተጨመረበትን የጸዳ ጠርሙሴን ከፍቼ ቀዳሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ጠርሙሱንም በረዶ ባለበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። እናትየዋ ሥራዬን በጸጥታ ሲመለከቱ ቆይተው «ልጄ፣ ውኃውንስ ወሰድክ፤ ዕቃውን ማን ያየዋል?» አሉኝ። ባዶውን ጀሪካን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው በጠባብ አፉ በኩል ውስጡን አሳዩኝ። እጅ በማይደርስበት የታችኛው ማዕዘን አረንጓዴ የሚመስል ልዝብ ሽፋን ይዞ ነበር። «አጥበዋለሁ፤ ግን አይለቅም» አሉ።

ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ባዶ ቦታ በያዝኩት ቅጽ ላይ አልነበረም። የናሙና አወሳሰድ መመሪያዬ ስለ ውኃው ሙቀት፣ ስለ ፒኤች፣ ስለ ቀሪ ክሎሪንና በ100 ሚሊ ሊትር ስለሚገኝ የኢ. ኮላይ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለ ጀሪካኑ ግድግዳ ግን አንድም ጥያቄ የለውም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ከዚያ ባዶ ቦታ የተነሣ ነው። በቤት ውስጥ የሚጠራቀም ውኃን የምናጠና ተማሪዎች በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ባክቴሪያ ስንቆጥር በዕቃው ላይ የተጣበቀውን ዘንግተናል። ጉድለቱ የጥናት ዘዴ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ለቤተሰቦች የምንሰጠውን ምክርም ያዛባል።

ጉዳዩ ለምን የምሥራቅ አዲስ አበባ ጉዳይ ሆነ?

እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ይገኛል። የግድቡ ውኃ በማጣሪያ ጣቢያው ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ወደ ከተማዋ ይገባል። ነገር ግን ከጣቢያው እስከ ብርጭቆው ያለው መንገድ ረጅም ነው። አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳን የመሳሰሉ ሰፋፊ መንደሮች ከተገነቡ ወዲህ የውኃ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ቀድሞ ሄዷል። ፈረቃ የኑሮ ልማድ ሆኗል፤ ግፊቱም ብዙ ጊዜ የላይኛውን ፎቅ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ውኃው ከመጠጣቱ በፊት በጀሪካን፣ በበርሜል ወይም በጣሪያ ላይ በተሰቀለ የፕላስቲክ ታንከር ውስጥ ቀናት ያሳልፋል። የቦሌው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃም ሆነ የቦሌ አራብሳው ኮንዶሚኒየም በዚህ ረገድ አይለያዩም፤ ልዩነታቸው የዕቃው መጠን ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ሰፈሮች የመጨረሻው የውኃ ምንጭ ግድቡ ወይም ቧንቧው ነው ማለት ያስቸግራል። የመጨረሻው ምንጭ ዕቃው ነው። ራይት፣ ጋንድሪና ኮንሮይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ በታዳጊ አገሮች ውኃ ከተቀዳ በኋላ እስከሚጠጣ ባለው ጊዜ ውስጥ በብዙ ቦታዎች ጥራቱ እንደሚያሽቆለቁል አሳይተዋል። እኛም ይህን ጽሑፍ በየመመረቂያ ጥናታችን መግቢያ ላይ እንጠቅሳለን። ከጠቀስን በኋላ ግን ማሽቆልቆሉን በሙሉ ለቆሸሸ እጅና ላልተከደነ ዕቃ ሰጥተን እናልፋለን። የዕቃው ገጽ ራሱ የተሕዋስያን መኖሪያ ሊሆን እንደሚችል በመላምታችን ውስጥ እምብዛም አይገባም።

መጣበቅ እንዴት ይጀምራል?

ባክቴሪያ ከውኃ ይልቅ ገጽን እንደሚመርጥ ማወቅ አዲስ ነገር አይደለም። ክሎድ ዞቤል እ.ኤ.አ. በ1943 ጠንካራ ገጾች በባክቴሪያ እንቅስቃሴ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ያሳየበትን ጥናት አሳትሟል። ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በ1978 ባክቴሪያዎች እንዴት እንደሚጣበቁ ለሰፊው አንባቢ ካብራሩ ወዲህ ደግሞ ባዮፊልም የሚለው ቃል የማይክሮባዮሎጂ የዕለት ቋንቋ ሆኗል።

ሂደቱ በጀሪካን ውስጥ እንዲህ ይታሰባል። ፕላስቲኩ ውኃ እንደነካ በውኃው ውስጥ የሟሙ ኦርጋኒክ ቁሶች ገጹን በስስ ይለብሱታል። ባክቴሪያው የሚያገኘው እንግዲህ ባዶ ፕላስቲክ ሳይሆን ይህን ምግብ አዘል ልባስ ነው። የባክቴሪያው ገጽም ብዙ የተፈጥሮ ገጾችም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ በመጀመሪያ ይገፋፋሉ። በጣም ሲቀራረቡ ግን የቫን ደር ዋልስ ስበት ይሠራል፤ ውኃ ገፊ በሆነ እንደ ፖሊኤቲሊን ባለ ገጽ ላይ ደግሞ ውኃ ገፊነቱ ራሱ መቀራረቡን ያግዛል። ባክቴሪያው በፍላጀላው እየቀዘፈ የመገፋፋቱን አጥር ይሻገራል። በዚህ ደረጃ መጣበቁ ጊዜያዊ ነው፤ ሊለቅም ይችላል።

ወሳኙ ነገር ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ገጽ መንካታቸውን ሲረዱ ሳይክሊክ ዳይ-ጂኤምፒ የተባለው የውስጥ መልእክተኛ በሴላቸው ውስጥ ይጨምራል፤ መዋኘት ይቆማል፤ ማጣበቂያ መሥራት ይጀመራል። ፒሊ የተባሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች፣ ፖሊሳካራይድ፣ ፕሮቲንና ከሴል የወጣ ዲኤንኤ ተደባልቀው ድር ያበጃሉ። ከባዮፊልሙ ደረቅ ክብደት አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው ሴሉ ሳይሆን ይህ ድር ነው። እናትየዋ «አይለቅም» ያሉት ልዝብ ነገር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ በላቦራቶሪያችን አሠራር ውስጥ የተደበቀ አንድ ችግር አለ። ኢ. ኮላይ ገጽ ላይ ለመጣበቅ ከሚጠቀምባቸው ክሮች አንዱ ከርሊ ይባላል። ብዙ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ከርሊን የሚሠሩት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ነው። እኛ ግን ኢ. ኮላይን የምናውቀው በ37 ወይም በ44.5 ዲግሪ ካሳደግነው በኋላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ቦሌ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ወደ 37 ዲግሪ አይጠጋም። ስለዚህ በማሞቂያ ሣጥናችን ውስጥ የምናጠናው ባክቴሪያ፣ በቤቱ ውስጥ ካለው ጋር በዘር አንድ ቢሆንም በጠባይ አንድ ላይሆን ይችላል። የቤቱ ሙቀት ለመጣበቅ የሚያመቸው ነው።

መለቅለቅ ስለ ምን አይበቃም?

ለቤተሰቦች ከምንሰጣቸው ምክሮች ሁለቱ የተለመዱ ናቸው፤ ዕቃውን ማለቅለቅና ክሎሪን መጨመር። ሁለቱም ለሚንሳፈፈው ባክቴሪያ ጥሩ ናቸው፤ ለተጣበቀው ግን ድክመት አለባቸው።

የመለቅለቅ ድክመት ፊዚካዊ ነው። ውኃ በግድግዳ አጠገብ ሲፈስ ግድግዳውን የነካው የውኃ ንብብር ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ከግድግዳው በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል። ባክቴሪያው ቁመቱ አንድና ሁለት ማይክሮሜትር ስለሆነ የሚኖረው ውኃው እጅግ ቀስ በሚልበት ክፍል ውስጥ ነው። ጀሪካኑን በኃይል ስንንጠው መሐሉ ይናወጣል፤ ግድግዳው ግን ብዙም አይሰማውም።

የክሎሪን ድክመት ደግሞ ኬሚካዊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውኃው ለተጠቃሚ በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። ክሎሪን ግን የሚመርጥ መርዝ አይደለም፤ ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ሁሉ ያቃጥላል። ወደ ባዮፊልሙ ሲደርስ ከላይኛው ድር ጋር እየተዋጋ ያልቃል፤ በሥሩ ያለው ሴል የሚያገኘው የተረፈውን ነው። በዚህ ምክንያት በውኃው ውስጥ የኢ. ኮላይ ቁጥር ዜሮ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ሕያው ማኅበረሰብ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። ክሎሪኑ ሲያልቅ ግድግዳው ለውኃው መልሶ ያካፍላል።

ምን ያህል ሊያካፍል እንደሚችል ለማሳየት ቀላል ስሌት እናድርግ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እያንዳንዱ ጎኑ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ነው ብንል፣ የውስጥ ገጹ ወደ 4,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ውኃው በ100 ሚሊ ሊትር ሲከፈል 200 ድርሻ ነው። ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ የኢ. ኮላይ ሴል ብቻ ቢለቅ በ100 ሚሊ ሊትር 22 ሴል እናገኛለን። የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ተመሳሳዩን ስሌት 2,000 ሊትር ለሚይዝ ታንከር ብንሠራ ቁጥሩ ወደ 5 ይወርዳል፤ ዕቃው ሲያድግ ከውኃው አንጻር የግድግዳው ድርሻ ያንሳልና። ይህ ስሌት ምሳሌ እንጂ ልኬት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ለዓይን የማይታይ መልቀቅ ውኃውን ከደረጃ ሊያወጣው እንደሚችልና ትንሹ ዕቃ ከትልቁ ይልቅ ለግድግዳው ተጋላጭ መሆኑን።

ፈረቃው ይህን ያባብሰዋል። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ቆይቶ ውኃ ሲመለስበት የግፊቱ ለውጥ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን ያላቅቃል። ኩምፔልና ኔልሰን በህንድ ሁብሊ-ዳርዋድ ባደረጉት ጥናት፣ በፈረቃ በሚሰጥ ውኃ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ፍሰት ከሚከተለው የበለጠ ድፍርስና ብዙ አመልካች ባክቴሪያ የያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የሰፈራችን ሰው ውኃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ድፍርስ ለመጸዳጃና ለልብስ ያውለዋል፤ ይህ ልማድ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ውኃው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሄድ የሚችል ከሆነ ግን ለማፍሰስ የሚደፍር ጥቂት ነው።

ከግድግዳ ወደ አንጀት

ባዮፊልሙ የጀሪካኑ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የጽዳት ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር። የመጣበቅ ጥበብ ግን ባክቴሪያው ወደ ሰውነታችን ሲገባም የሚያገለግለው ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥ ካልተጣበቁ የምግብ እንቅስቃሴው ጠርጎ ያወጣቸዋል።

በፕላስቲክ ላይ መጣበቅ በአመዛኙ ገጹን የማይመርጥ ነው፤ በሰውነት ሴል ላይ ያለው ግን እንደ ቁልፍና ቀዳዳ የተጣጣመ ነው። ኢ. ኮላይ በፒሊው ጫፍ ላይ በሚገኘው ፊምኤች በተባለ ፕሮቲን አማካይነት በሴሎቻችን ገጽ ላይ ያለውን ማኖስ የተባለ ስኳር ይይዛል። ይህ አያያዝ የውኃ ጉተታ ሲበረታ ከመላላት ይልቅ የሚጠብቅ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ተገልጿል። ሕፃናትን የሚያጠቃው ኢንተሮፓቶጀኒክ ኢ. ኮላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የሚይዘውን ተቀባይ ፕሮቲን ራሱ ሠርቶ ወደ አንጀት ሴል ያስገባና በእርሱ ላይ ይጣበቃል። ይህ በ1997 ሲታወቅ እንግዳው የሚቀመጥበትን ወንበር ይዞ እንደሚመጣ ያህል አስደናቂ ነበር።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን የኮሌራ ባክቴሪያ ነው። ኪርን፣ ጁድና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ቪብሪዮ ኮሌሬ በውኃ ውስጥ የጥቃቅን እንስሳትን የካይቲን ቅርፊት የሚይዝበት ፕሮቲን በአንጀት ላይ ለመጣበቅም ያገለግለዋል። ምክንያቱም ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን የተባለው ስኳር በሁለቱም ቦታዎች ይገኛል። ከዚህም ሌላ ይልዲዝና ስኩልኒክ በ1999 የተሸበሸበ ኮሎኒ የሚሠራው የቪብሪዮ ዓይነት የሚያመነጨው ፖሊሳካራይድ ባዮፊልም ለመሥራትም ክሎሪንን ለመቋቋምም እንደሚረዳው ገልጸዋል። እንግዲህ በውጭ መጣበቅና በውስጥ መጣበቅ፣ እንዲሁም ክሎሪንን መቋቋም፣ ተለያይተው የሚጠኑ ምዕራፎች አይደሉም።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በተከሰተበት ወቅት የነበረን ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። «አተት» የሚለው ቃል በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ ውኃ አፍሉ፣ ውኃ አጋር ጨምሩ፣ እጅ ታጠቡ ተባለ። ትክክለኛ ምክር ነበር። ነገር ግን ያንን የታከመ ውኃ የምንገለብጥበት ዕቃ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ ያኔ ገና ተማሪ የነበርኩት እኔም አልጠየቅሁም።

ግራዋና ጀሪካን

የሚገርመው ይህ ዕውቀት በቤታችን የነበረ መሆኑ ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ተጠርጎ ብቻ አይቀርም፤ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ ከዚያም ይታጠናል። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የባለሙያ ሴት ሙያ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ የዕቃ አያያዝ ነው። ግራዋና ወይራ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ምን ያህል ባክቴሪያ እንደሚገድል ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ነው፤ እኔ የማተኩረው ግን መፈተጉ ላይ ነው። መፈተግ ፍጥነቱ ዜሮ ወደሆነው ንብብር ዘልቆ የሚገባ ብቸኛው ቀላል መሣሪያ ነው። ልማዱ የዕቃውን ግድግዳ እንደ ሕያው ነገር ያይ ነበር ማለት ይቻላል።

ጀሪካን ሲመጣ ይህ ልማድ ተቋረጠ። ቀላል ነው፤ አይሰበርም፤ ርካሽ ነው፤ ክዳን አለው። አፉ ግን እጅ አያስገባም። ሰዉ በብልሃቱ መፍትሔ ፈልጓል፤ ጠጠር፣ አሸዋ ወይም ሩዝ ከሳሙናና ከጥቂት ውኃ ጋር ጨምሮ ይንጣል። ይህን ስናይ እንደ ኋላ ቀር ዘዴ ማየት የለብንም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከገጽ ላይ ባክቴሪያ ለማላቀቅ የመስታወት ዶቃ ጨምረን ስንንጥ የምናደርገው ያንኑ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ጠባብ አፍ ጥቅም አለው። ሮበርትስና ባልደረቦቹ በማላዊ የስደተኞች ካምፕ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ እጅ የማያስገባ ክዳንና መቅጃ ያለው ባልዲ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆቻቸው ላይ 31 በመቶ ያነሰ ተቅማጥ ታይቷል። ስለዚህ ወደ ሰፊ አፍ እንመለስ ማለቴ አይደለም። በአገልግሎት ጊዜ የሚዘጋ፣ በመታጠቢያ ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ የሚከፈትና ከታች ቧንቧ ያለው ዕቃ ሁለቱንም ያሟላል። የቁሱም ነገር መታየት አለበት፤ ሞምባና ካሌኒ በደቡብ አፍሪካ የገጠር ቤቶች ዕቃዎች ላይ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ፖሊኤቲሊን ከዚንክ ቅብ ብረት ይልቅ ብዙ ባክቴሪያ በገጹ ላይ ማስተናገዱን አግኝተዋል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ በባዮፊልም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አብዛኛው ጉዳት የሌለው የውኃ ነዋሪ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። አረንጓዴ ሽፋን ማየት በሽታ ማየት አይደለም፤ አጠቃላይ የባክቴሪያ ብዛትም ብቻውን የጤና አደጋ መለኪያ አይሆንም። ነገር ግን ጉዳት የሌለው ነዋሪ የሠራው ድር ለአላፊ እንግዳም መጠለያ ይሆናል። ጥያቄው ባዮፊልም አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ በውስጡ የሰገራ ምንጭ ያለው ባክቴሪያ ተጠልሏል ወይ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ካልተመረመረ አይታወቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋናው አደጋ እጅና ምንጭ ሆኖ ሳለ በግድግዳ ላይ ማተኮር አቅጣጫ ማሳት ነው የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሦስቱንም መለካት ይገባል የሚል ነው። አንዱን ጨርሶ ሳንለካ ድርሻው ትንሽ ነው ማለት አንችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ አቅም የለንም የሚለው። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ወረፋው ረጅም ነው፤ የዘረመል ንባብ ውድ ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ የታወቀ ነው። ነገር ግን መጣበቅን ለመለካት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክሪስታል ቫዮሌት በእያንዳንዱ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ የግራም ቀለም መደርደሪያ ላይ አለ፤ የባዮፊልምን መጠን በቀለም ለመለካት በዓለም ሁሉ የሚሠራበትም እርሱ ነው። የጎደለን ቀለሙ አይደለም፤ ጥያቄውን ቅጹ ላይ መጻፍ ነው።

ምን እናድርግ?

የቤት ውኃ ጥናት ለምንሠራ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻችን አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ናሙና ጥንድ ይሁን። ከእያንዳንዱ ዕቃ ውኃው ከተወሰደ በኋላ ዕቃው ባዶ ሲሆን የታወቀ መጠን ያለው የጸዳ የጨው ውኃና የጸዳ የመስታወት ዶቃ ጨምሮ ለተወሰነ ደቂቃ መናጥ፣ ከዚያም ያንን ፈሳሽ ልክ እንደ ውኃው መመርመር ይቻላል። ውጤቱ ለውኃው በ100 ሚሊ ሊትር፣ ለግድግዳው ደግሞ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይጻፍ። በዚህ መንገድ የሚላቀቀው ሁሉም ስላልሆነ ቁጥሩ የግድግዳው ዝቅተኛ ግምት መሆኑ ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ ከጀሪካን የተቆረጡ ትናንሽ የፕላስቲክ ቁራጮች ጸድተው በቤቱ ዕቃ ውስጥ በክር ይንጠልጠሉ፤ በየሳምንቱ አንዱ እየወጣ በክሪስታል ቫዮሌት ይለካ። ባዮፊልሙ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ካወቅን በስንት ቀን መፈተግ እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መምከር እንችላለን። ለዚህ የቤተሰቡ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጣበቅ ሙከራዎቻችንን በ37 ዲግሪ ብቻ አንሥራ። በቤቱ ሙቀት፣ ማለትም በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ ጎን ለጎን እንሥራ። ማሞቂያ ሣጥን እንኳ የማያስፈልገው ሙከራ ነው፤ ጠረጴዛው ይበቃል።

አራተኛ፣ ቃላችንን እንጠንቀቅ። አንድ የውኃ ናሙና ኢ. ኮላይ ስላልተገኘበት ብቻ «የቤቱ ውኃ ንጹሕ ነው» ብለን ለቤተሰብ አንንገር። ማለት የምንችለው «በቀዳነው ሰዓት፣ በቀዳነው ውኃ ውስጥ አልተገኘም» ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሕፃን ጤና ሊመዘን ይችላል።

ይህ ሁሉ የውኃ አቅርቦቱን ችግር አይፈታም። ውኃ ሳይቋረጥ የሚመጣበት ቤት ስድስት ጀሪካን አይደረድርም፤ ዘላቂው መፍትሔ እርሱ ነው። እስከዚያው ግን ጀሪካኑ አለ፤ ልጆችም ከእርሱ ይጠጣሉ።

ያቺ እናት ለጠየቁኝ ጥያቄ በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ «ይህን ጥናቱ አያካትትም» የሚል ነበር። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ጀሪካኑን ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ወዲህ የጥናት ዕቅዴን አሻሽዬ በቅጼ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሬያለሁ፤ ርእሱ «የዕቃው የውስጥ ገጽ» ይላል። ረድፉ እስካሁን ባዶ ነው። በመጪው የናሙና ዙር መጀመሪያ የምሞላው የእርሳቸውን ቤት ይሆናል፤ ውጤቱንም፣ መልካም ቢሆን ክፉ፣ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ።